ሽማግሌ ያልተቀመጠበት ሣር

በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ሶዶ ላይ የራሴን ቤት ስሠራ ደጁ ባዶ ቀይ አፈር ነበር። በእኛ አገር የቤት ፊት ሣር ከሌለው ቤቱ ሰው ያለበት አይመስልም። እንግዳ የሚያርፈው፣ ሙግት የሚሰማው፣ ልጅ ለትዳር የሚጠየቀው እዚያ ሣር ላይ ነው። ሌላው ሰው ሣሩ በራሱ ጊዜ እስኪበቅል ይጠብቃል። እኔ ግን ማንበብን ያለ አስተማሪ ተምሬ የቢሮ ጸሐፊ የሆንኩ ሰው ነኝና መጠበቅ ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ከወንዝ ዳር ሰርዶውን ከነአፈሩ በአካፋ እየቆረጥኩ በአህያ አስመጣሁ፤ እንደ ጡብ አስጠግቼ ደረደርኩት። ስንጥቁን በተነፋ አፈር ሞላሁ፣ በሳንቃ ጠቀጠቅኩት። ዙሪያውን ገመድ ወጥሬ፣ «ሥር እስኪይዝ ማንም አይረግጠውም» ብዬ ለቤተሰቡ አወጅኩ።

ዝናቡ ዘገየ። ጠዋትና ማታ ከምንጭ ውሃ የምታመጣው ትልቋ ልጄ ነበረች። ከገመዱ ውጭ ቆማ በጣሳ ትረጨዋለች። ጠርዙ ቢጫ ሲሆን የምቆጣው እሷን ነው፤ ትከሻዋ መላጡን አላየሁም።

በሦስተኛው ሳምንት ከቤሌ ከተማ መልእክት መጣ። አንድ ወጣት አስተማሪ ልጄን ለማግባት ቅዳሜ ሽማግሌ ይልካል። እሷም ትወደው ነበር። ይህን እናቷ ነገረችኝ እንጂ እኔ ጠይቄ አላውቅም።

«ገመዱን ፍታው» አለችኝ ባለቤቴ።

«ገና ሥር አልያዘም። አንዱን ጥግ ስቤ አይቻለሁ፣ ከነአፈሩ ይነሣል።»

«ታዲያ ልጅህን የሚያገባት ሣሩ ነው?»

«ሥርዓት ለሁሉም እኩል ነው» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ሥርዓት አልነበረም። ሽማግሎቹ ሣሩን ማንም ሳይነካው አይተው እንዲያደንቁልኝ ፈልጌ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ሦስት ሆነው መጡ። የአጥሩ በር ላይ ተቀብዬ፣ «በዚህ በኩል አባቶቼ፣ ሣሩ አዲስ ነው» አልኩና በጓሮ፣ በእንሰቱ መሃል መራኋቸው። ያ መንገድ ፍግ የምናወጣበት ነው።

«አይዞዎት ጌታው፣ እኛ ሣር አንግጥም» አለ አንደኛው። ሁለቱ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ቤት ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ መዘግየት አወሩ፣ ስለ በቆሎው አወሩ፣ ገሱባ ስለገባው የከብት በሽታም አወሩ። የመጡበትን ጉዳይ ግን ማንም አላነሣም። በመጨረሻ ትልቁ ዱላውን ይዞ ተነሣና፣ «እንግዲህ ደህና ይሁኑ። ሣሩንም እግዜር ይማርልዎ» አለኝ።

እንደወጡ ባለቤቴ ከመጋረጃው ጀርባ መጣች። ልጄ እዚያው ቀረች።

«ምን ትቆማለህ? ተከተላቸው እንጂ! በጓሮ የገባ ሽማግሌ ‹ልጄን አልሰጥም› ተባለ ማለት አይደለም? ይህ ጠፋህ?»

አልጠፋኝም። ሮጥኩ። የሚገርመው ስሮጥ እንኳ ሣሩን ዞሬ ነው። ሰው አከብረዋለሁ የሚለውን ሳይሆን የሚሳሳለትን ነገር ተመልከቱ፤ ልቡ ያለው እዚያ ነው። አውራ ጎዳናው ላይ ስደርስ ወደ ቤሌ የሚሄደው የጭነት መኪና ሦስቱንም ጭኖ ቁልቁለቱን ጀምሯል።

በሳምንቱ ቤሌ ሄድኩ። የአስተማሪው አባት ደጁ ካለው ሣር ላይ አስቀምጦኝ፣ እርጎ አቅርቦ፣ በትሕትና፣ «መልስዎ ደርሶናል። ለልጃችን ሌላ ቤት ጠይቀናል» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስመለስ ልጄ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«ምን አሉ፣ አባባ?»

በቤቴ የዋሸ ልጅ ራት አይበላም ነበር። ስንቱን በረሃብ አስተኝቻለሁ።

«አላገኘኋቸውም» አልኳት።

«እንግዲያው በሌላ ቅዳሜ ደግመው ቤሌ ይሄዳሉ፣ አባባ» አለች።

ሣሩ በክረምቱ ሥር ያዘ፤ መንገደኛ ሁሉ እየቆመ ያየው ጀመር። የአስተማሪውን ሠርግ ከገበያ ሰምታ እስክትመጣ ድረስ፣ ልጄ ዓርብ በመጣ ቁጥር ኮቴን በከሰል ካውያ ተኩሳ ምስማር ላይ ትሰቅልልኝ ነበር። እኔም ቅዳሜ ጠዋት እሱን ለብሼ፣ ወደ ቤሌ በመሄድ ፈንታ ቢሮ እገባ ነበር።