ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የተቋቋመው ባንድ

ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኾበር ከተማ ውስጥ፣ ከባሕሩ ብዙም በማይርቅ ቪላ፣ እየሩስ የምትባል ሴት ትሠራ ነበር። ነገሩ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል፤ አዲሱ የኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ገና ሳይከፈት ነው። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ የቤት ሠራተኛ ይላል እንጂ የጃዝ ዘፋኝ አይልም። ወረቀት ምን ያውቃል!

ዘፈን ማን አስተማራት ቢባል፣ ግድግዳ ነው። ጉለሌ፣ ባደገችበት ቤት፣ ከጭቃው ግድግዳ ማዶ ሃምሳ አለቃ መኳንንት የሚባሉ የማርሽ ባንድ ክላርኔት ነፊ ይኖሩ ነበር። ሚስታቸው ስትቆጣቸው በአፋቸው አይመልሱም። "የት ቆይተህ ነው?" ትላለች ሴትዮዋ። ክላርኔቱ "ቲሪሪ..." ይላል። "አንተን እኮ ነው!" "ቲሪሪ-ሪም..." ልጅቷ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ያንን ቲሪሪ በጉሮሮዋ ትቀዳዋለች። ሴትዮዋ አንዳንድ ቀን ባልዋ ሁለት የሆኑ እየመሰላት ትደናገር ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት ቤቷ ሆቴል ነው። ሰባት ዓመት ከባንድ ጋር ዘፈነች። የባንዱ አለቃ የጥቁር አሜሪካኖችን ሸክላ እያሰማ፣ "አትቸኩዪ! ምቱ ይለፍሽ፤ ከኋላ ደርሰሽ ያዢው" ይላታል። እሷም ዘግየት ብሎ መግባትን ተካነችበት፤ ሰው የሚያጨበጭብላት ለዚያ ነበር። ኋላ መንግሥት ተለወጠ፣ ሆቴሉ ባንዱን በተነ፣ እሷም እንደ ብዙዎቹ ዓረብ አገር ገባች።

እዚህ ደግሞ ያ ሙያዋ ጥፋት ሆነ። የቤቱ እመቤት፣ ማዳም የምትላት፣ ጠዋት ማታ ትጮህባታለች። "እየሩስ! አንድ ጊዜ ስጠራሽ አትመጪም! ሁልጊዜ ዘግየት ብለሽ! ሙሽኪላ!" ዘፈንማ ጭራሽ አይታሰብም። "በሥራ ሰዓት ዘፈን ማፊ! ሁለተኛ ከሰማሁ ፓስፖርትሽ ላይ ኹሩጅ፣ የመውጫ ማኅተም፣ አስመትቼ ወደ አገርሽ ነው የምሰድሽ" ብላታለች።

እየሩስም ለመዝፈን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትገባለች። መስኮቱ ላይ የተገጠመው አሮጌ ሙከይፍ፣ ማቀዝቀዣው ማለት ነው፣ አንድ ወፍራም ድምፅ ይዞ ውሎ ያድራል፤ እምምምም። ድምፅዋን ይሸፍንላታል ብላ ነበር የገባችው። በሳምንቱ ግን ሙከይፉ አጃቢዋ ሆነ። የሱን እምምታ መነሻ አድርጋ ባቲውንም ትዝታውንም ትጫወትበታለች። መሃል ላይ ድንገት እየቆመ ከማስቸገሩ በቀር ምንም አይወጣለትም።

ይህን ጉድ ያወቀችው ኤልሳቤጥ የምትባል የአገሯ ልጅ ነርስ ናት። ከሆስፒታል በምታርፍበት ቀን የማዳምን እናት የስኳር መርፌ ልትወጋ ትመጣለች። ባሏ ጌታቸው ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው፤ ደማም ከተማ፣ አል አዳማ የሚባል ሰፈር፣ ቤቱ ኪቦርድ አለው። በዚያን ጊዜ መጻፍ የሚከብደው ሁሉ ለቤተሰቡ ደብዳቤ የሚልከው ካሴት ላይ ተናግሮ ነው። እየሩስም ካሴት ላይ ዘፈነችና በኤልሳቤጥ ቦርሳ ላከችለት። ጌታቸው በአንዱ ቴፕ የሷን ድምፅ እየከፈተ፣ ከላዩ ኪቦርድ እየመታበት፣ በሌላው ቴፕ ሁለቱን አንድ ላይ ቀድቶ መለሰላት።

"ጌቾ ምን አለ?" አለች እየሩስ።

"'ድምፅዋስ ድምፅ ነው፤ ያ ባለ ቤዝ ጊታሩ ግን ማነው? ንቅንቅ አይልም!' አለ።"

"ሙከይፉ ነው በይው።"

"ነገርኩት። 'ከብዙ ሙዚቀኛ ይሻላል፤ ቢያንስ ልምምድ አይቀርም' አለ።"

እንዲህ ሆኖ ባንዱ ተቋቋመ፤ ዘፋኟ ኾበር፣ ኪቦርዱ ደማም፣ ተያይተው አያውቁም። እየሩስ ስትዘፍን በየመሃሉ ለጌታቸው ኪቦርድ መልስ ዝም ብላ ቦታ ትተዋለች፤ መልሱ ግን የሚመጣው በሳምንቱ ነው። የሆቴሉ ጊዜ ትዝ ሲላት የሚያንገበግባት ይኸው ነበር። ሰው ፊት ቆማ፣ በዘፈን ጠይቃ፣ እዚያው መልስ መስማት። አንድ ጊዜ እንኳ በሆነላት።

ያለቀውን ካሴት የማዳም የስፖርት ካሴት ማኅደር ውስጥ ደበቀችው። ማዳም ከረመዳን ወዲህ ስፖርት ትታለች፤ ከዚያ የተሻለ መደበቂያ የት ይገኛል? ነገር ግን የማዳም የእህቷ ልጅ ልትዳር ሆነ፤ ማዳም ለሠርጉ ያሰበችው ቀሚስ ደግሞ አልዘጋላት አለ። አንድ ጠዋት ማዳም ስፖርቷን ቀጠለች። እየሩስ ምንጣፍ ልትጠርግ ስትገባ፣ ማዳም እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ በራሷ በእየሩስ ባቲ፣ ቀስ ብላ እየተንጠራራች አገኘቻት። ኤልሳቤጥ መርፌዋን ይዛ በሩ ላይ ደርቃ ቀርታለች።

"ይቺ ሐበሻ ማናት?" አለች ማዳም።

"ታዋቂ ናት፣ ማዳም" አለች ኤልሳቤጥ፣ አፏ ቀድሟት።

"የት ነው ያለችው?"

"ደማም... አል አዳማ።"

"ኸላስ! ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዓስር ሶላት በኋላ፣ ለሙሽራዋ ሒና እዚህ ታመጪያታለሽ።"

ሐሙስ ደረሰ። ሳሎኑ በሴት ተሞላ፤ ከበሮ መቺዎቹ ተደረደሩ፤ ሙሽራይቱ ሒናዋን እየተቀባች ነው። ጌታቸው ሚስቱን አድርሶ መኪናው ውስጥ ከግቢው አጥር ውጪ፣ በሳሎኑ መስኮት በኩል፣ ይጠብቃል። ኤልሳቤጥ ግን ባዶ እጇን ነው የገባችው።

"ዘፋኟስ?"

"እየመጣች ነው፣ ማዳም።" ዓይኗ ግን እየሩስ ላይ ነው።

እየሩስ የሻይ ትሪውን ይዛ ቆማለች። ብትናገር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ተደብቃ ስትዘፍን መኖሯ ይወጣል፤ ኹሩጁ አይቀርም። ዝም ብትል፣ እንዲህ ያለ መድረክ ዳግመኛ አይመጣም። ትሪውን አስቀመጠች።

"እኔ ነኝ፣ ማዳም።"

ሴቶቹ ሳቁ። እየሩስ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም! የሳሎኑ ማቀዝቀዣ አዲስ ነው፤ ትንፍሽ አይልም። ከየት ትነሳ? ዞር ብላ ወጣች። ሸሸች ሲሏት፣ መክነሳውን፣ ያንን አቧራ የሚመጥ ማሽን፣ እየጎተተች ተመለሰች።

"ያ ረቢ! ጠረጋው አሁን ነው?" አለች ማዳም።

እየሩስ ሰካችው። እምምምም። ያኔ ጉሮሮዋ ተከፈተ።

"የምንጣፍ አቧራ መክነሳ መጠጠው፣
የሆዴን አቧራ ማን አባቱ ያውጣው።"

ከበሮዎቹ መጀመሪያ ግር አላቸው፤ ኋላ እግር እግሯን ተከተሉ። እየሩስ እንደ ልማዷ ለጌታቸው መልስ ቦታ ትታ ዝም አለች። አይ ሞኟ፣ እዚህ ማን ሊመልስላት!

ከአጥሩ ውጪ የመኪና ጡሩምባ ጮኸ። ጲጲ... ጲጵ። ምቱን አሳልፎ፣ ዘግየት ብሎ፣ ልክ እቦታው ላይ ገባ።

ኤልሳቤጥ ፊቷን በዓባያዋ ሸፈነች።

"ማን ነው ይሄ ባለጌ ሹፌር?" አለች ማዳም።

"ባሌ ነው፣ ማዳም።"

ማዳም አንዴ መስኮቱን፣ አንዴ መክነሳውን፣ አንዴ እየሩስን አየች።

"ሁለት ዓመት ቤቴ ተቀምጠሽ፣ ይሄ ድምፅ የት ነበር?"

"ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ማዳም።"

ማዳም ልትቆጣ ፈልጋ ሳቋ አመለጣት። "ያላ፣ ቀጥዪ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?"

እየሩስ ግን አልቸኮለችም። ከበሮው ጀመረ፤ አንዱን ምት አሳለፈችው፣ ሁለተኛውንም አሳለፈችው፤ ከዚያ ከኋላ ደርሳ ያዘችው።