ድንበሩን አይተው የሚመለሱ ሰዎች

ዙለይሃ የወሎ ልጅ ናት። እዚህ አሜሪካ፣ ዉድበሪ በሚባል ከተማ ናቴላ የምትባል አሮጊት ቤት እየሄደች ገላዋን ታጥባታለች፣ ምግቧን ትሠራለች፣ መድኃኒቷን ትሰጣታለች። እኔ እዚያው አጠገብ ባለ የአረጋውያን ቤት ልብስ አጥቢ ነኝ፤ ከምንኖርበት ሰፈር ከፍሮግታውን በእሷ መኪና አብረን እንሄዳለን። ትምህርት ሁለታችንም አልገፋንበትም። ስለዚህ እዚህ ያልገባችሁ ነገር ካለ፣ ለእኛም አልገባንም።

ናቴላ የጆርጂያ ሰው ናት። አሜሪካ ያለውን ጆርጂያ ሳይሆን ሩሲያ አጠገብ ያለውን አገር ማለቴ ነው። ወንድሟ ቫኖ ዛሬም የአባታቸው ቤት ይኖራል። ከሩሲያ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ የሩሲያ ወታደሮች መንደሩን በሽቦ ከፈሉት፤ ቤቱ ወዲህ፣ የፖም ዛፎቹ ወዲያ ቀሩ። ሩሲያዎች ከሽቦው ወዲያ ያለው ሌላ አገር ነው ይላሉ። ጆርጂያ የእኔው መሬት ነው ትላለች። የአውሮፓ ታዛቢዎች ደግሞ ሰማያዊ ባንዲራ ባለው መኪና ይመጣሉ፣ በሩቅ ማያ መነጽር ያያሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይመለሳሉ።

ዙለይሃ ቫኖ በቪዲዮ ሲያሳይ ይህን በናቴላ ስልክ ስታይ ነገሩ የገባት መሰላት። አባቷ ድንበር የሚዳኙ ሽማግሌ ነበሩ። እነሱ ዘንድ ሽማግሎች መሬት ሊያዩ ሲወጡ ባለመሬቱ ከፊት ከፊት እየሄደ ወሰኑን ያሳያል። ቤቱ የተቀመጠ ሰው መሬቱን እንደተወ ይቆጠራል።

«ሽማግሌ መጥቶለት ወንድምሽ ለምን ቤቱ ይቀመጣል?» አለቻት ናቴላን።

«ሽማግሌ አይደሉም ዙሊ፣ ቱሪስት ናቸው» ብላ ሳቀችባት ናቴላ። ግን ለወንድሟ አወራችለት። ቫኖ ቀልዱን ትቶ ምክሩን ወሰደ።

በ2018 ፖም በሚለቀምበት ወቅት ታዛቢዎቹ ሲመጡ፣ አባቱ የተከሉትን የወሰን ዛፍ ሊያሳያቸው ሽቦው በላላበት በኩል ሾልኮ ቀደማቸው። ተመለስ እያሉ ተጣሩ፤ ግን አልተከተሉትም፤ ማለፍ አይፈቀድላቸውም። ከወዲያ ማዶ የሩሲያ ወታደሮች መጥተው ወሰዱት።

ናቴላ ምግብ እምቢ አለች። ዙለይሃ ሺፍቷ ካለቀ በኋላም እዚያው ትቆይ ጀመር። ማን እንደሚጠየቅ የሚነግራቸው አልተገኘም። ታዛቢዎቹ ለዚሁ በተዘጋጀው ስልክ ወደዚያኛው ወገን ደውለናል አሉ። ሩሲያዎች እኛ ጥበቃውን ብቻ ነው የምናግዘው፣ እስረኛው ከሽቦው ወዲያ ያለው መንግሥት ነው የያዘው አሉ። ያንን ደግሞ አውሮፓ እንደ መንግሥት አይቀበለውም። ነገሩ ጄኔቫ ላይ በሚደረግ ስብሰባ ይነሳል ተባለ፤ ስብሰባው ግን ገና ነበር።

«የያዘው ወታደር የሩሲያ፣ እስር ቤቱ የሌላ፣ ደዋዩ አውሮፓ» አለችኝ ዙለይሃ መኪና ውስጥ። «እኔ የማን እግር ላይ ልውደቅ?»



አንድ ጠዋት ቫኖ በስልኩ ታየ፤ ጢሙ አድጓል፣ ፊቱ ጠቁሯል፣ ግን ቤቱ ገብቷል። ዙለይሃ አልሐምዱሊላህ ብላ ናቴላን ልታቅፍ ስትጠጋ፣ አሮጊቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሊለቁት ሲሉ ድንበር ጥሼ ገባሁ ብሎ እንዲፈርም አድርገውታል።

«አውሮፓዎቹ ስንት ዓመት ድንበር አይደለም ሲሉ ኖረው፣ የእኔ ወንድም ድንበር ነው ብሎ ፈረመ» አለች ናቴላ።

«ባይፈርምስ?»

«እዚያው ይቀር ነበር።»

በዙለይሃ አባት ፊት እንዲህ ብሎ ያመነ ሰው ያንን መሬት ዳግም አይጠይቅም። ሰውዬው ግን በሕይወት ተመልሷል። ዙለይሃ ሾርባውን አሙቃ አቀረበችላት።

ማታ ስንመለስ የመኪናው መጨናነቅ አቁሞን፣ «እንኳን ደስ ያለሽ ልበላት ወይስ አላህ ያጽናሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሾርባውን በላች?» አልኳት።

«በላች።»

«እንግዲያው ተይው።»

አልተወችውም። መሬቱ ታዲያ አሁን የማን ነው እያለች መኪናውን እስከ ፍሮግታውን ነዳችው።