የጉሬዛ መሻገሪያ

ሀሚዱ የሚጠብቀው ደን ለሁለት የተከፈለ ነው። ላይኛው ከአምባሰል ገደል ሥር ተለጥፏል፤ ወይራና ዝግባ የበዛበት፣ ምንጭ ያለው፣ ድኩላና ሽኮኮ የማይጠፋበት ነው። ታችኛው ወደ ሐይቅ በሚወርደው ወንዝ ዳር ነው። መሐሉን እርሻ በልቶታል። ሁለቱን የሚያገናኘው በመንደሩ መቃብር አጥር ጥግ የሚያልፍ አንድ የጥድ ረድፍ ብቻ ነበር። ጉሬዛ መሬት መርገጥ አይወድም። በጋ ገብቶ ታችኛው ደን ሲደርቅ ጉሬዛዎቹ ነጭ ጭራቸውን እያንዘረፈፉ በዚያ ረድፍ ላይ ከጥድ ጥድ እየዘለሉ ወደ ምንጩ ይወጡ ነበር።

ሀሚዱ ጥበቃ ሆኖ ሲቀጠር ጎረምሳ ነበር፤ አሁን ጺሙ ሸብቷል። ከሰል አክሳይ ሲያይ ደሙ ይፈላል። የአጎቱን ልጅ እንኳ መጥረቢያውን ቀምቶ ሰዶታል። አንድ ነገር ብቻ አያሸንፍም፤ እሱም ሞት ነው። ደኑ ሲከለል ሽማግሌዎቹ ለመቃብር ርብራብ፣ ከሬሳው በላይ ለሚጋደመው እንጨት፣ ከጥዱ ረድፍ እንዲቆረጥ ተስማምተዋል። ባሕር ዛፍን ምስጥ ይበላውና አፈሩ ሬሳው ላይ ይደረመሳል፤ ጥድ ግን ይከርማል። በእኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ፣ በአንድ የቀብር ዕድር፣ ይቀባበራል። ቅሬው መጥረቢያ ይዞ ሲመጣ ሀሚዱ ራሱ ዛፍ ያሳያል። የሞተን ማን ይከለክላል?

ጦርነቱ መጣ፣ በሽታው ተከተለ፣ ሬሳ በዛ። ረድፉ እየሳሳ ሄዶ እርሻው መሐል ሁለት ትልልቅ ጥዶች ብቻ ቀሩ። እነሱ ከሄዱ ጉሬዛው መሻገሪያ የለውም። በዚያው ዓመት የሀሚዱ ሚስት ስህን በኩላሊት አልጋ ያዘች።

አንድ ቀን የቅሬውን ዳኛ ሽታውን መንገድ ላይ ጠብቆ ለመነው።

«ሽታው፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ እነዛን ሁለት ጥዶች ተውልኝ። ሌላ አልለምንህም።»

ሽታው ሳይጠሩት አቤት የሚል ደግ ሰው ነው። የሀሚዱን ፊት አየ፣ አንገቱን ደፋ፣ «እሽ፣ ይቆዩልሃል» አለው። ለምን ብሎ አልጠየቀም። ጠይቆት ቢሆን ምን ነበረበት? ይኼ ይሉኝታችን አንድ ቀን ሁላችንንም ይጨርሰናል።

ስህን በኅዳር ሞተች። ቅሬው በወጉ ቀበራት። ሀሚዱ መቃብሩ አፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ ግን የሚረበረበውን እንጨት ሀዘኑ አላሳየውም። ለቀስተኛው ሲበተን ዱላውን አንሥቶ ወደ ሥራው ወጣ።

ሁለቱ ጥዶች የነበሩበት ቦታ ላይ ሁለት ጉቶ አገኘ። ጉሬዛዎቹ ከወዲህ ባለው ዛፍ ጫፍ ላይ ተደርድረው ባዶውን ያያሉ። ከቀትር በኋላ አንዲት እናት ነጭ ግልገሏን ደረቷ ላይ ለጥፋ መሬት ወረደች። እርሻውን ስታጋምስ የመንደሩ ውሾች ደረሱባት። ሀሚዱ እየጮኸ ሮጠ፤ አልደረሰም። የቀሩት ወደ ደረቀው ደን ተመለሱ። እዚያ በጋውን የሚያወጣቸው ቅጠል እንደሌለ ከሀሚዱ በላይ የሚያውቅ የለም።

በዚያው እግሩ ሽታው ደጅ ሄደ። ሽታው አጥር ሲያጥር ነበር።

«ተውልኝ አላልሁህም?» አለው ሀሚዱ። «የጥዶቹን ነገር ለምኜህ፣ እሽ ብለኸኝ አልነበር?»

ሽታው ግራ ገባው። «ተውንልህ እኮ። ለስህን እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። አልጋ ላይ ላለ ሰው ርብራብ አስቀምጡልኝ ተብሎ በአፍ አይነገርም፤ ስለዚህ ዝም አልን። እስከ ዛሬ ማንም አልነካቸውም፤ ዛሬ ሁለቱንም ስህን ላይ ረበረብናቸው።» የያዘውን እሾህ መሬት ላይ አስቀመጠ። «መስከረም ላይ ወንድሜ ሲሞት ከሁለቱ አንዱን እንቁረጥ አሉኝ። የሀሚዱ ነው አልሁ። በባሕር ዛፍ ቀበርሁት።»

ሀሚዱ ሊናገር የመጣው ብዙ ነበር። ደግ የሠራን ሰው በምን አንደበት ይቆጡታል?

«አላህ ይስጥህ፣ ሽታው» አለው።