የአዴ ጫልቱ ጠገራ ብሮች

ባለፈው ሳምንት ሰበታ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ባልደረባዬ ስልኩን ዘርግቶ ፎቶ አሳየኝ። ጥርት ባለ ፕላስቲክ ውስጥ የታሸገ ጠገራ ብር ነው። ከበላዩ በተለጠፈው ነጭ ወረቀት ላይ «የመጀመሪያ ምት፣ ያልተነካ፣ አንደኛ ደረጃ» ይላል። ለአማቱ ስጦታ ሊገዛው አስቧል።

«እውነተኛ ይመስልሻል?» አለኝ።

«ብሩ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን ግን አትመን» አልኩት።

ከየት እንዳወቅኩ ሲጠይቀኝ ደወል ተደወለ ብዬ ተነሣሁ። ደወል አልተደወለም ነበር።

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ፍለጋ ስባዝን ከርሜ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ ዳር ባለ አንድ የብር ጌጣጌጥ ሱቅ ተቀጠርኩ። ባለቤቱን ጋሽ ታምራት እንላቸው ነበር። ለስላሳ ሰው ናቸው፤ ምሳ ላይ ሽሮው ሲመጣ ቃሪያውን ሰንጥቀው ወደ እኔ በኩል የሚያደርጉት እሳቸው ነበሩ። ይህን የማነሣው ክፋት ሁልጊዜ ክፉ ፊት ይዞ የሚመጣ የሚመስለው ሰው ስላለ ነው። እኔም ይመስለኝ ነበር።

ሥራዬ ሁለት ነበር። ኦሮምኛ ከእናቴ ስለተማርኩ፣ ጌጥ ሊሸጡ ከገጠር የሚመጡትን አነጋግራለሁ። ኮምፒውተር ስለምችል ደግሞ ወረቀት እጽፋለሁ። ጠገራ ብር ማንበብን ያስተማሩኝ ጋሽ ታምራት ናቸው። ብሩ ላይ የተቀረጸችውን የውጭ አገር ንግሥት ደረት ላይ ያሉትን ዕንቁዎች በማጉያ መነጽር መቁጠር፣ ከሥሯ ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት አተኩሮ ማየት፣ ጠርዙ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ በጥፍር መዳሰስ። ሁሉም ላይ ያለው አንድ ዓመት ነው፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት። እሷ ከሞተች በኋላም በየአገሩ ሲመቱት ያንኑ ዓመት እያተሙ ነው። የትኛው መቼና የት እንደተመታ የሚለየው በእነዚያ ጥቃቅን ምልክቶች ብቻ ነው። እኔም መለየት ቻልኩ። ኮራሁ።

«ስንገዛ ዓይናችን ክፉ ይሁን፣ ስንሸጥ ደግ» ይሉኝ ነበር ጋሽ ታምራት እየሳቁ። ለሻጩ ገበሬ «የኋላ ምት ነው፤ ከማቅለጥ በቀር አይረባም» እንላለን። ብሩ ከእጁ ከወጣ በኋላ ፕላስቲክ ውስጥ ይገባና ለውጭ አገር ሰው የሚታይ ወረቀት በእንግሊዝኛ እጽፍለታለሁ፤ የመጀመሪያ ምት ብዬ።

እሑድ እሑድ ዘመድ ቤታችን ሲሰበሰብ ወሬው ሁሉ ስለ መሬት ነበር። ገበሬውን «መሬትህ ይህን ብቻ ነው የሚያወጣው» ብለው አስለቅቀው፣ ለሌላው በስንት እጥፍ እንደሚሸጡት እያነሣን እንራገማለን። ከሁሉም አብልጬ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ሰኞ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ግን ምንም አይከነክነኝም።

አዴ ጫልቱ የመጡት ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ያን ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ከተከፈተ ሁለት ቀን ይዘጋል፤ አስፋልቱ ላይ ድንጋይና የተቃጠለ ጎማ አይጠፋም። ከሱሉልታ ተነሥተው ገሚሱን በእግር፣ ገሚሱን በሚኒባስ ነው የደረሱት። ነጠላቸው ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸት ነበር። ከጫፉ ቋጠሮ ፈትተው ሰባት ጠገራ ብር የተንጠለጠለበት የአንገት ጌጥ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«እናቴ ስዳር ያሰረችልኝ ነው» አሉኝ በኦሮምኛ። «ልጄን ከሰልፉ ወስደውታል። የት እንዳለ የሚነግረኝ አጣሁ፤ በየጣቢያው ልዞር ነው። እዚህ ቋንቋችንን የምታውቅ ልጅ አለች ቢሉኝ ነው የመጣሁት።»

ጌጡን አንሥቼ በማጉያው አየሁ። ስድስቱ በኋላ ዘመን የተመቱ ናቸው። መካከል ላይ ያለው ግን የጥንቱ ነበር፤ ፊደላቱም ዕንቁዎቹም አይዋሹም። ጋሽ ታምራት ከጀርባዬ ቆመዋል።

«ሁሉም የኋላ ናቸው፣ አዴ» አልኳቸው። «ከማቅለጥ በቀር አይረቡም።»

አንዴ እንኳ አልተከራከሩም። «አንቺ ካልሽ» አሉና እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ። ጌጡን በሚቀልጥ ብር ዋጋ ገዝተን ወዲያው ለአንጥረኛው ሰጠነው። ማንጠልጠያዎቹን ነቅሎ፣ የብየዳውን ጠባሳ በሞረድ አለሰለሰው። እኔም «ያልተነካ» ብዬ ጻፍኩ።

የካቲት ላይ፣ ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ መንገዱ ሲረጋጋ፣ አዴ ጫልቱ ተመልሰው መጡ። ፊታቸው ሌላ ሰው መስሏል። ልጃቸው ተፈቷል። አንድ ወይፈን ሸጠው ጌጡን መልሰው ሊገዙ ነው የመጡት። ለእኔም ጭኮ ይዘውልኛል፤ በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት፣ እርጥብ የኮባ ቅጠል ውስጥ ተጠቅልሎ።

«ልጄም አመስግኚልኝ ብሎኛል» አሉ።

ጋሽ ታምራት የቀሩትን ሦስት ብሮች በየፕላስቲካቸው አወጡ። አራቱ ተሸጠው ነበር፤ የጥንቱም አብሮ ሄዷል። የአንዱን ዋጋ ሲነግሯቸው አዴ ጫልቱ የሰሙትን የተጠራጠሩ ይመስል ወደ እኔ ዞሩ። ቀጥለው ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ጽሑፍ ምን ይላል?»

እኔው የጻፍኩትን በኦሮምኛ አነበብኩላቸው። «የመጀመሪያ ምት። ያልተነካ።»

«ያኔ የኋላ ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«ብያለሁ።»

«የትኛው ነው እውነቱ?»

ያኔ ስለ መካከለኛው ብር መዋሸቴን፣ የእነዚህም ወረቀት ውሸት መሆኑን መናገር ነበረብኝ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። እኔ ግን ፕላስቲኩን በእጄ መወልወል ጀመርኩ። እሳቸው ጣታቸውን ከወረቀቱ ላይ ሰበሰቡ።

«እሱ ነጋዴ ነው። ነጋዴን ተጠንቅቄ ነው የማናግረው» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «አንቺን ግን አልተጠነቀቅኩሽም፣ ልጄ።»

ወጡ። ጭኮውን አልወሰዱትም።

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ታምራት።

«ምንም» አልኳቸው።

ኮባውን ገልጠው ቀመሱና «ወይ ቅቤ! ነይ እንጂ፣ ሳይደርቅ» አሉኝ። ሄድኩ። አብሬያቸው በላሁ። ሲጣፍጥ ትዝ ይለኛል። ሥራውንም የለቀቅኩት ከዚያ በኋላ አራት ወር ሠርቼ፣ ሱቁ ገበያ አጥቶ ሲዳከም ነው። ሕሊናዬ ወቅሶኝ ለቀቅኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እንደዚያ አይደለም።

ዓምና ለለቅሶ ሱሉልታ ሄጄ ስለ አዴ ጫልቱ ጠየቅኩ። የነበሩበት ሰፈር አሁን በቆርቆሮ ታጥሮ መጋዘን ተሠርቶበታል። አንድ ሽማግሌ፣ መሬቱ ሲወሰድ ከልጃቸው ጋር ወደ ጫንጮ መሄዳቸውን ነገሩኝ። ጫንጮ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ተሳፍረው ለምሳ የሚመለሱበት ነው። እስካሁን አልሄድኩም። ይቅርታ ብጠይቃቸው ይምሩኝ ይሆናል፤ ሳይምሩኝ የሚሸኙኝ ዓይነት ሴት አይደሉም። የሚያስፈራኝ እሱ ነው። አንድ ጊዜ ያላቸውን ወስጃለሁ፤ አሁን ደግሞ ለራሴ ዕረፍት ስል ምሕረታቸውን ልወስድ ነው የምሄደው፣ ወይስ ለእሳቸው የምሰጠው ነገር አለኝ? ይህን ለራሴ መመለስ ሲያቅተኝ፣ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ፣ ጫንጮ የሚጭነው መኪና ሞልቶ ሲሄድ ቆሜ አያለሁ።