ሳላስተነፍሰው የቀረሁት አየር

የአርብ ገበያ ክሊኒክ ሾፌር የነበሩት አቶ ደምሴ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አርፈው ዕለቱን ተቀብረዋል። መርዶውን ቆሜ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አልሆነልኝም። ለቅሶ ቤት እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ለምታውቋቸው ሁሉ መናገር ያለብኝ ነገር አለ።

እኔ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና አሳሪ፣ ነኝ። ከጎንደር የተላከችልን የበሽተኛ ማመላለሻ መኪና በኋላ እግሮቿ አሞርዛተሮች ላይ አየር የሚሞላ የጎማ ከረጢት ነበራት። ሰው ሲሞላባት ኋላዋ ይረግባል፣ ሆዷን ድንጋይ ይፈትጋታል፤ ያን ጊዜ ጋሼ ደምሴ ታርጋው ሥር ባለችው ቀዳዳ በእጅ መንፊያ አየር ሞልተው ቀና ያደርጓታል። ሰው ሲወርድ ደግሞ ያስተነፍሱታል፤ አለዚያ ከረጢቱ ይጠጥርና የመንገዱን ጠጠር ሁሉ ለተኛው በሽተኛ ያደርሰዋል። ይህን በራሱ የሚሠራ መኪና እንዳለም አጫውተውኛል፤ ከኋላው እግር ጋር የተያያዘች ዘንግ፣ ኋላው ዝቅ ሲል አየር ታስገባለች፣ ከፍ ሲል ታስወጣለች። «የእኛዋ ዘንግ የላትም፤ ዘንጓ አንተ ነህ» ይሉኝ ነበር። ባዶ ሲመለሱ ገበያተኛ አሮጊቶችን ከነሸክማቸው ይጭናሉ፣ ለእነሱም ወርደው ይነፋሉ። «የሰው ክብደት አይሰለችም» ይላሉ።

አንድ በጋ የቤተ ልሔም ደብር የድጓ መምህር መሪጌታ ጥበቡ ከበቅሎ ወድቀው ጭናቸው ተሰበረ። በእንጨት አስሬላቸው ወደ ደብረ ታቦር ስንነሣ ሰባት ተማሪዎቻቸው «የኔታን ሳንሸኝ አንቀርም» ብለው ተሳፈሩ። ጋሼ ደምሴ እንቢ ማለት አልሆነላቸውም፤ እኔን አስነፍተው ተነሣን። መንገዳችንን የሚያቋርጠው ወንዝ ጋ ስንደርስ ሸኚዎቹ እጅ ነሥተው ወረዱ። ጋሼ ደምሴ መሻገሪያውን ሊያዩ ሲሄዱ «አስተንፍሰው» አሉኝ።

አላስተነፈስኩትም። ስንመለስ ሰው መጫናችን አይቀርም፣ እንደገና የምነፋው እኔው ነኝ፤ ክንዴ ዝሎ ነበር። ሲመለሱ «አስተነፈስከው?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው።

ከወንዙ ማዶ ኋላዋ እየዘለለ ሄደ። መሪጌታ ጋቢያቸውን ነክሰው ያዙ።

«የኔታ፣ ጎዳሁዎት መሰለኝ» አሉ ጋሼ ደምሴ።

«ግድ የለም ልጄ፣ ንዳ» አሏቸው።

ሐኪም ቤት ካደረስናቸው በኋላ ጋሼ ደምሴ ቀዳዳዋን ቢነኳት አየሩ እያፏጨ ወጣ። ቀና ብለው አዩኝ።

የመሪጌታ እግር ተጣሞ ገጠመ። ሐኪሙ መንገድ ላይ አጥንቱ ተናግቷል ብሎ ጻፈ። ኃላፊያችን ሲጠይቅ ጋሼ ደምሴ «የእኔ አነዳድ ነው» አሉ። እዚያው አጠገባቸው ቆሜ ነበር። መሪውን ተቀምተው መጋዘን ጠባቂ ሆኑ፤ በየማለዳው ስንገናኝ ልጆቼን በየስማቸው እየጠሩ ይጠይቁኝ ነበር። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ቀደሙኝ።

ጋሼ ደምሴ፣ ሰው «መሪጌታን ያሰናከለ ሾፌር» ሲልዎት እየሰሙ ኖሩ። ያሰናከልኳቸው እኔ ነኝ። ነገ ቤተ ልሔም ወጥቼ እግራቸው ላይ ወድቄ እናገራለሁ። ደህና ይረፉ ጋሼ። መሪጌታ ቢምሩኝ እንኳ የእርስዎን ይቅርታ ከማን እንደምለምን አላውቅም።