መዳፍ የምታህል መብራት

በቀደም ልጄ የቆየ የጠረጴዛ መብራት ከቁም ሣጥን ሥር አውጥታ ብታበራው፣ አምፖሉ ላይ የከረመው አቧራ ግሎ ተቃጠለና ቤቱን ያ ሽታ ሞላው። ፀጉር ሲለበለብ እንደሚሸተው አይደለም፤ ይልቅ ለተቃጠለ ጥጥ ይቀርባል፣ ትንሽም ያስነጥሳል። መጽሐፌን ከደንሁ። በደርግ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ባሕር ዳር፣ በአክስቴ ጓዳ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ መብራት ሲበራብኝ ይሸተኝ የነበረው እሱ ነው።

አባቴ የዘጌ መሪጌታ ነበሩ። «ከተማ ገብታ ትማር» ብለው ለእኅታቸው ለእትዬ ውድነሽ ሲሰጡኝ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ በየወሩም ቡናና ጌሾ በታንኳ ይልኩ ነበር። እትዬ ቡናውን ይቀበላሉ፣ ጌሾውን እኔ እወቅጣለሁ፣ ትምህርት ቤት ግን አልገባሁም። መስከረም በጠባ ቁጥር ምክንያት አይጠፋም ነበር፤ መጀመሪያ «ገና ልጅ ናት»፣ ኋላ ደግሞ «አሁንማ ከትንንሾች ጋር ስትቀመጥ ታፍራለች»። በሁለቱ መካከል ትክክለኛው ዕድሜዬ የትኛው ቀን ላይ እንዳለፈ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በአሥራ ሁለት ዓመቴ ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የቀበሌ መዝጋቢ ጃንጥላውን እያራገፈ ገባ። ለመሠረተ ትምህርት ማንበብ የማይችለውን ሁሉ እየዞረ ይጽፍ ነበር። እኔ ጥግ ላይ ሽንኩርት እየላጥሁ፣ ስሜን እስኪጠይቅ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

«ይችስ ልጅ?» አለ።

«እሷማ የመሪጌታ ልጅ አይደለች? ፊደል ቆጥራ፣ ጨርሳ ነው የመጣች» አሉ እትዬ። «ለሌላው ይድረስ።»

መዝጋቢው «የምትችል» እያለ ጻፈ። የጻፈውን ማንበብ አልቻልሁም። ሽንኩርቱን አመካኝቼ እንደ ልቤ አለቀስሁ፤ ከዚያ እንባዬን በክንዴ ጠርጌ «ይቆይ» አልሁ። ቂም ማለት በኔ ቤት ያች ቃል ናት፤ ይቆይ።

ኅዳር ላይ የእትዬ ባል የጋሽ ተሻለ ወንድም፣ መርከበኛው፣ ቪዲዮ ካሜራ ይዞ መጣ። የእትዬ ልጅ ሙሉ በጥር ልትዳር ነበርና ሠርጉ ሊቀረጽ ሆነ። ግን ካሜራው ጥላ ውስጥ አያይም፤ በሸራ ዳስ ውስጥ ቢሞክሩት ያወጣው ከሰል የመሰለ ነገር ብቻ ነው። ጋሽ ተሻለ የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነበሩ፤ ቀልደኛ፣ የቤቱን ነገር ለሚስታቸው የተዉ ሰው። እሑድ እሑድ ጓዳውን ዘግተው መብራት ሲመርጡ፣ ሌላው ሁሉ በድግሱ ሥራ ተይዞ ስለ ነበር የሚበራብኝ እኔ ነበርሁ።

መጀመሪያ ከግድግዳ የሚሰካ ባለ አምስት መቶ ሻማ አምፖል አመጡ፤ ግንባሬን አላበው። «ይኼ ሙሽራዋን አብስሎ ነው የሚሰጠን» አሉ። ቀጥሎ የመኪና የፊት መብራት ከነባትሪው ተጎተተ። «ባትሪውን ማን ይሸከም፣ ሚዜዎቹ?» ብለው መለሱት። በመጨረሻ መርከበኛው ከሻንጣው ሥር መዳፍ የምታህል፣ ባትሪዋ ወገብ ላይ የሚታጠቅ መብራት አወጣና ራሱ አፌዘባት፤

«ይችማ አንድ ፊት ብቻ ነው የምታሳይ። የምንቀርጸው ሠርግ ነው እንጂ የፓስፖርት ፎቶ አይደለም!»

ተቀብያት ወደ ግድግዳው አበራሁ። አንጓዬን በጣት ያህል ሳዞር ጆንያው ብቅ ይላል፣ ጋሽ ተሻለ ይጠፋሉ፤ ስመልሰው እሳቸው ይመጣሉ፣ ጆንያው ይጠፋል።

«ሲበራብሽ የከረምሽ አንች ነሽ፤ የቱ ይሻላል ጥሩዬ?» አሉኝ። በዚያ ቤት ሰው ሐሳቤን ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ትንሿ።»

«ለምን?»

«ዓይን አትወጋም» አልሁ። እውነት ነው፤ ምክንያቴ ግን እሱ አልነበረም።

«በይ፣ የመረጥሻት አንች፣ የምትይዣትም አንች» አሉ።

ጥር ደረሰ። እትዬ ወርቅ ጥለት ያለው ቀሚስ አሸምነው፣ ከጎረቤት የአንገት ሐብል ተውሰው፣ ካሜራው በዞረበት ሁሉ ይቀድሙ ነበር። «እዚህ አብሪ እንጂ አንች!» ይላሉ። እኔም «እሺ እትዬ» እያልሁ አንጓዬን በጣት ያህል አዞር ነበር። ለሚዜዎቹ አበራሁ፤ ለቄሶቹ አበራሁ፤ ለወጡ ድስት ሳይቀር አበራሁለት። ጨረሩ በጎናቸው ሲያልፍ የበራላቸው እየመሰላቸው፣ እትዬ ቀኑን ሙሉ ለጨለማ ፈገግ ሲሉ ዋሉ። የሚቀርጸው መርከበኛም ጠጁን ስላበዛ አላስተዋለም።

ጾም ሳይገባ ቴሌቪዥንና ማጫወቻ ተውሰን፣ ጎረቤት ተሰብስቦ አየነው። ሁሉም ሰው አለ። እትዬ የሉም። ከጨለማው ውስጥ «እዚህ አብሪ እንጂ አንች!» የሚል ድምፅ ብቻ ደጋግሞ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር ቤቱ በሳቅ ይናጋል።

«ኧረ ውድነሽ፣ የልጅሽ ሠርግ አልተጠራሽም ነበር እንዴ?» አሉ ሐብሉን ያዋሱት ጎረቤት። «ሐብሌስ የታል?»

እትዬ ወደኔ ዞሩ። «አንች አይደለሽ የያዝሽው? እኔን አላየሽኝም?»

አንገቴን ደፍቼ፣ ለታላቅ በሚገባው ድምፅ፣ «እርስዎማ ተነስተው የጨረሱ መስሎኝ ነው እትዬ» አልሁ። «ለሌላው ይድረስ ብዬ።»

ሌላው ሳቀ። እትዬ አልሳቁም፤ ገብቷቸዋል። ጋሽ ተሻለ ሁለታችንንም ሲያዩ ቆዩና፣ «ጥሩዬ፣ ፊደል ቆጥረሻል?» አሉ።

«አንዲትም።»

መስከረም ሲጠባ እጄን ይዘው አስመዘገቡኝ። አንደኛ ክፍል ስገባ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎኝ፣ ዓመቱን ወደ ጎን ተቀምጬ ተማርሁ።

ዛሬ ሠርግ ላይ እያንዳንዱ እንግዳ በስልኩ መብራት ይዞ ይመጣል፤ ልደበቅ ያለውን እንኳ የሚተወው የለም። እትዬ ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ሙሉ ያን የሠርጓን ቪዲዮ ክር ወደ ስልክ አስገልብጣ ላከችልኝና ማታውኑ ደወለች።

«እማዬ እኮ የለችም፣ ጥሩ። ድምጿ ብቻ ነው። እንዴት ሆኖ ነው?»

«መብራቷ ትንሽ ነበረች» አልኋት።

እኔም ትንሽ እንደ ነበርሁ፣ የት እንደማላበራ ግን አሳምሬ አውቅ እንደ ነበር አልነገርኋትም።