የመርማሪው የቤት ሥራ

ቡራዩ ከማስተምርበት ክፍል ጠመኔ እንደያዝኩ ፖሊሶች ወሰዱኝ። የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው ሰልፍ የወጡት ተማሪዎች የተነሱት ከእኔ ክፍለ ጊዜ ነበር፤ ጥፋቴ ይኸው ነው። ያደርኩት ሱሉልታ ነው። የታሰርኩባት ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ሳትሆን አትቀርም፣ ግድግዳዋ ገብስ ገብስ ይሸታል። ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል።

መርማሪው ወጣት ነበር። በየቀኑ አንድ ወረቀት እያቀረበ «ፈርም» ይለኛል። ተማሪዎቹን አሳድሜያለሁ የሚል፣ እሱ ራሱ የእኔ ቃል አስመስሎ የጻፈው ነው። «ያልጻፍኩትን አልፈርምም» እለዋለሁ። እንዲህ ስንባባል ሰነበትን። እኔ ደክሞኛል፤ እሱም ሳይደክመው አልቀረም። የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነበር። ባለቤቴ ወሯ ገብቷል፤ የት እንዳለሁም አታውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያንን ወረቀት ትቶ ሌላ አወጣ። ለካ በርቀት ዲግሪ እየተማረ ኖሯል። በአንድ የቆየ ተውኔት ውስጥ ተደጋግሞ ስለሚመጣ ነገር የትንተና አንቀጽ እንዲጽፍ ታዟል። ተውኔቱን ለዓመታት አስተምሬዋለሁ፤ አንድ ንጉሥ ለፍርድ በተቀመጠ ቁጥር መብራት ያስበራል፣ መብራቱም ይጠፋል።

«ጻፍልኝ» አለ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ እያኖረ። «ለሚስትህ ትደውላለህ።»

አልዋሽም፣ እጄ ወደ እስክሪብቶው ሄዷል። ከዚያ የየቀኑ ወረቀት ትዝ አለኝ።

«እኔ ያልጻፍኩትን አልፈርምም እያልኩህ፣ አንተ ባልጻፍከው ላይ ስምህን ላስቀምጥልህ? ከፈለግክ አስተምርሃለሁ።»

ስልኩን ኪሱ ከተተና ወደ ታሰርኩባት ክፍል አስመለሰኝ።

አብረውኝ የታሰሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ በኦሮምኛ ወግ ኦቦ እንላቸዋለን፣ እሳቸውም እኔን ባርሲሳ፣ መምህር፣ ይሉኛል። ነገሩን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ባርሲሳ፣ መምህርነቱ አሳበደህ እንዴ? አንድ ገጽ ወረቀት ከሚስትህ ይበልጣል?»

«አይበልጥም፣ ኦቦ።»

«ታዲያ?»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። በራሴ ተናድጄ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መርማሪው አስጠራኝ። የተውኔቱን መጽሐፍ ይዟል።

«እሺ፣ አስተምረኝ» አለ፣ ሳያየኝ።

«መብራቱ ለምን ይጠፋል?»

«ዘይቱ አልቆ ነዋ።»

«ከመጥፋቱ በፊት ንጉሡ ምን ይላል? ፈልግ።»

ገጾቹን ገለበጠ፤ ተመልሶም ገለበጠ። «ይዋሻል» አለ ቆይቶ። «የማያምንበትን ሲፈርድ ነው የሚጠፋው።»

«በቃ፣ እሱን ጻፍ። ከየገቢሩም ማስረጃ አምጣ። ያለ ማስረጃ አይሆንም።»

ቀና ብሎ አየኝ። እየሰረዘ፣ እያላበው ጻፈ። ሲጨርስ እስክሪብቶውን ተቀብዬ አረምኩለት፤ ከሥሩ «ጥሩ ሙከራ» ብዬ ፈረምኩ። እዚያ ቤት የፈረምኩት እሱን ብቻ ነው።

«አለፍኩ፣ ቲቸር?»

«አልፈሃል።»

ስልኩን ወደ እኔ ገፋው።

ባለቤቴ ወዲያው አነሳች። «የት ነህ?»

«ሱሉልታ።»

«እኔ ምሳህን ይዤ ሰበታ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ቆሜያለሁ። ትናንት ቡራዩ ነበርኩ።»

ከተፈታሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬም አስተምራለሁ። ተገልብጦ የመጣ የቤት ሥራ አላርምም፣ ተማሪዎቼም ለዚህ ክፉ ይሉኛል። ልጃችን አድጋለች። ባለቤቴ አንዳንዴ «ያን ዕለት ጽፈህለት ቢሆን፣ በዚያ ሆዴ ሰበታ ድረስ አልንከራተትም ነበር» ትለኛለች። እውነቷን ነው።